የደብረ ብርሃን ውሻ በሰኔ ዱባይ ይግባ?

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ብርሃን ነው። ጠያቂዋ የሁለት ልጆች እናት ናት። እንዲህ ትላለች፦

«ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴ የሚሠራው ዱባይ ነው። ትምህርት ሲዘጋ፣ በሰኔ መጨረሻ፣ ከልጆቼ ጋር ወደ እሱ ልንሄድ ነው። አንበሴ የሚባል የአራት ዓመት ውሻ አለን። ከመንዝ ነው ቡችላ ሆኖ የመጣልን፤ ጸጉሩ ረጅምና ጥቅጥቅ ያለ ነው። የሚያድረው ግቢ ውስጥ ነው። ልጆቹ ያለ እሱ አንሄድም ብለዋል። አምና በከተማው የክትባት ዘመቻ አስከትበነዋል። አሁን መጋቢት ነው፤ እስከ ሰኔ ያለው ጊዜ ይበቃናል? ሙቀቱን እንዲችል ጸጉሩን ልላጨው? አውሮፕላን ላይ እንዳይጨነቅስ የሚያስተኛ መርፌ ይወጉልኛል?»

እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሳላንዛዛ ልመልስልሽ። አንበሴ ዱባይ መሄድ ይችላል። በሰኔ ግን አይሂድ። እናንተ በሰኔ ሂዱ፤ እሱ በኅዳር ይከተላችሁ። ጸጉሩን አትላጪው። የሚያስተኛ መርፌም አልወጋልሽም።

ልጆቹ እንደሚያለቅሱ አውቃለሁ። ቢሆንም በዚህ ጉዳይ ከወሩ በላይ ወሳኝ ነገር የለም። ወረቀት ቢጎድል ይሟላል። በረራ ቢያመልጥ ሌላ ይገኛል። የደጋ ውሻ በሐምሌ ሙቀት ውስጥ ገብቶ ከታመመ ግን ብዙ ጊዜ አይመለስም።

እስቲ ሁለቱን ከተሞች አስተያያቸው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ቀኑ ከ20 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል። አንበሴ ተወልዶ ያደገው በዚህ ብርድ ነው። ዱባይ ደግሞ የባሕር ጠረፍ ከተማ ናት። በሐምሌና በነሐሴ ቀኑ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ሌሊቱም ቢሆን 30 አካባቢ ነው የሚያድረው። ማለትም ውሻው ቀን የተሸከመውን ሙቀት አውርዶ የሚያርፍበት ሰዓት የለውም።

ሰው ሲሞቀው መላ አካሉ ያልበዋል። ውሻ ላብ የሚያወጣው በእግሩ መዳፍ ነው፤ እሱም ትንሽ ነው። ዋናው ማቀዝቀዣው ማለክለክ ነው። ሲያለከልክ ምላሱና አፍንጫው ውስጥ ያለው እርጥበት ይተናል፤ በዚያ የሚያልፈው ደምም ይቀዘቅዛል። አየሩ ራሱ በእርጥበት ሲሞላ ግን ትነቱ ይቀንሳል። ያን ጊዜ ውሻው የቱንም ያህል ቢያለከልክ ሙቀቱ አይወጣለትም። የዱባይ ሐምሌና ነሐሴ ከባድ የሚሆነው በዚህ ነው። ሙቀቱም አለ፣ ከባሕሩ የሚመጣው ወበቅም አለ። የጤነኛ ውሻ የሰውነት ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው። ከ41 ሲያልፍ አንጀት፣ ኩላሊትና አንጎል መጎዳት ይጀምራሉ።

በኅዳር ሁኔታው ሌላ ነው። የዱባይ ቀን 30 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሌሊቱ ደግሞ ወደ 20 ይወርዳል። ጥር ላይ ቀኑ ራሱ 24 አካባቢ ይሆናል። አንበሴ በኅዳር ከገባ እውነተኛው ሙቀት እስኪመጣ ብዙ ወራት ያገኛል። ሰውነቱ ሙቀትን የሚለምደው ቀስ እያለ ነው። መጠነኛ መላመድ ከ10 እስከ 20 ቀን ይፈልጋል። ሙሉ ለሙሉ ለመላመድ ደግሞ ሁለት ወር ሊፈጅ ይችላል።

የወረቀቱም ነገር ቢሆን ለሰኔ አይደርስልሽም። ችግሩ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። አገራችን በሽታው በብዛት ካለባቸው አገሮች አንዷ ናት። ስለዚህ ተቀባዩ አገር ከእኛ የሚመጣ ውሻ ላይ ጥብቅ ይሆናል፤ እውነቱንም ነው። የዘመቻው ክትባት ለአንበሴም ለሰፈሩም ጠቅሟል፣ ደግ አደረግሽ። ለጉዞው ግን አይቆጠርልሽም። ምክንያቱም መጀመሪያ ማይክሮቺፕ መግባት አለበት። የውሻውን መለያ ቁጥር የያዘ፣ ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ነገር ነው፤ ትከሻው መሃል ከቆዳው ሥር በመርፌ ይገባል። 15 አሃዝ ያለው፣ ቁጥር 11784 እና 11785 የተባሉትን ዓለም አቀፍ ደረጃዎች የሚያሟላ መሆን አለበት። ክትባቱ ከቺፑ በኋላ ይሰጣል። ቺፕ ሳይኖረው የተከተበ ውሻ «የተከተበው እሱ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለ?» ተብሎ ይመለሳል። ካርዱ ላይ የቺፑ ቁጥር፣ የክትባቱ ስም፣ የምርት ቁጥሩ፣ ቀኑና የሐኪሙ ማኅተም ይኑር። ከብልቃጡ ላይ የሚላጠውን ትንሿን ወረቀት ካርዱ ላይ አስለጥፊ።

ከዚያ የደም ምርመራ አለ። ክትባቱ ሠርቶ በደሙ ውስጥ በቂ አንቲቦዲ፣ ማለትም በሽታ ተከላካይ፣ መፈጠሩን የሚያሳይ ነው። ውጤቱ በሚሊ ሊትር ቢያንስ 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት መሆን አለበት። እኔ ደሙን የምወስደው ከክትባቱ አንድ ወር ካለፈ በኋላ ነው። ቶሎ ከተወሰደ መጠኑ ሳይደርስ ይቀርና ገንዘብሽም ጊዜሽም ይባክናል። ሴረሙ፣ ማለትም የደሙ ፈሳሽ ክፍል፣ ተለይቶ በቅዝቃዜ ተጠብቆ ውጭ አገር ወዳለ እውቅና ያለው ላቦራቶሪ ይላካል። የመላኪያው፣ የምርመራውና የውጤቱ ጊዜ ተደምሮ ሳምንታት ይበላል።

በዚህም አያበቃም። ከደም ምርመራው በኋላ የመጠበቂያ ጊዜ አለ። የአውሮፓ ኅብረት ከእኛ ዓይነት አገር ለሚመጣ ውሻ ደሙ ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ያስጠብቃል። አንቺም ለዱባይ ሦስት ወር ብለሽ አስቢ። ብዙ ሰው በዚህ ይናደዳል፤ «ውጤቱ ጥሩ ከሆነ ምን ያስጠብቃል?» ይላል። ምክንያት አለው። ምርመራው የሚያሳየው ክትባቱ መሥራቱን ነው። ውሻው ከክትባቱ በፊት ተነክሶ በሽታውን በውስጡ ይዞ እንደሆነ ግን አያሳይም። በሽታው ሳይታይ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ሊቆይ ይችላል። ጊዜው ነው የሚገልጠው።

እንግዲህ ቁጠሪው። በመጋቢት ቺፕና ክትባት፣ በሚያዝያ መጨረሻ ደም፣ ከዚያ ሦስት ወር ሲጨመር ሐምሌ መጨረሻ ነው። ነሐሴ ላይ ወረቀቱ ሊያልቅ ይችላል፤ አየሩ ግን የከፋ ነው። ኅዳር ላይ ሁለቱም ይገጥማሉ።

በዚህ መሃል አንበሴ እናትሽ ዘንድ ወይም የምታምኚው ዘመድ ቤት ይቆይ። አንድ ነገር አደራ እልሻለሁ። በር ተከፍቶ ወጥቶ ከሰፈር ውሾች ጋር እንዳይናከስ። ማታ ግቢ ውስጥ ይሁን። የማይታወቅ ውሻ ከነከሰው ለሐኪሙ ይነገር እንጂ አይደበቅ፤ ጉዞውም ይዘግይ። ሰው ከተነከሰ ደግሞ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብና በዚያው ቀን ጤና ተቋም መሄድ ነው። ይህን በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይህን ይወቅ።

አሁን በጣም ወደምወደው ክፍል ልምጣ። የሰሜን ሸዋ ሰው ለዚህ ጉዳይ ዕድለኛ ነው። ከደብረ ብርሃን ተነስተሽ ጣርማ በርን አልፈሽ፣ ደብረ ሲናን ወርደሽ ሸዋ ሮቢት ስትደርሺ 100 ኪሎ ሜትር እንኳ አልሞላሽም። ከፍታው ግን ወደ 1,280 ሜትር ወርዷል። ጠዋት በጃኬት የተነሳ ሰው እዚያ ሲደርስ በሸሚዝ ነው የሚቀመጠው። ሙቀት ማለማመጃ ስፍራ አጠገባችን አለ ማለት ነው። ሸዋ ሮቢት ዘመድ ካላችሁና መንገዱም ሰላም ከሆነ፣ አንበሴ ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት እዚያ ይሰንብት።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ጥላ ሥር ይተኛ፤ አያስገድዱት። ከዚያ ንጋት ላይ አሥር ደቂቃ ይራመድ። በየቀኑ ትንሽ ይጨመርለት። ቀትር ላይ በጭራሽ አይውጣ። ማለክለኩ እረፍት ካደረገ በኋላም ካልቀነሰ የዚያ ቀን ይብቃው። በእነዚህ ሳምንታት ሰውነቱ ሙቀት ማውጣት ይማራል። የውስጠኛው ጸጉሩም መርገፍ ይጀምራል። ይህ ልምምድ ብርድ ላይ ሲመለስ ቀስ በቀስ ይጠፋል። ስለዚህ ከሸዋ ሮቢት ሲነሳ ደብረ ብርሃን ከርሞ አይሂድ፤ በቀጥታ ወደ አዲስ አበባ ይለፍ። አዲስ አበባ ለምርመራና ለወረቀት ጥቂት ቀን ቢቆይ ግን ምንም አይደለም።

የሸዋ ሮቢት ችግሩ መዥገር ነው። ቆላ ላይ መዥገር የደም በሽታ ያስተላልፋል። ኤርሊኪያና ባቤዥያ የሚባሉት ዱባይም አሉ። እዚህ ይዞት ከሄደ እዚያ «አዲሱ አገር አልስማማው አለ» ተብሎ ይታለፋል። ከመውረዱ በፊት የመዥገር መከላከያ ያድርግ። በየማታው ጆሮውን፣ ብብቱንና የጣቶቹን መሃል በእጅ መዳሰስም ያስፈልጋል። የሸዋ ሮቢት ሙቀት የዱባይን ወበቅ አያስተምርም። ስለዚህ ልምምዱ የኅዳርን ጉዞ ያቀልለታል እንጂ የሐምሌን አያስደፍርም። ዘመድ ከሌላችሁ ደግሞ አትጨነቂ። ኅዳር ራሱ አብዛኛውን ሥራ ይሠራል።

ወደ ጸጉሩ ልመለስ። የሳር ክዳን ቤት ሲበርድ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ይቀዘቅዛል። የአንበሴ ጸጉርም ሥራው እንዲያ ነው። ላይኛው ረጅሙ ጸጉር ፀሐይ ቆዳውን እንዳትመታ ይከላከላል። ከላጨሽው ቆዳው ይቃጠላል። መልሶ ሲያድግም ተጎሳቁሎ ሊያድግ ይችላል። የሚያፍነው የውስጠኛው፣ ጥጥ የመሰለው ሲከማች ነው። እሱን በማበጠሪያ በየሁለት ቀኑ አውጪው። ልጆቹ ይህን ሥራ ይወዱታል።

ስለ መርፌው። የሚያስተኛ መድኃኒት የደም ግፊትን ይቀንሳል፤ ሰውነት ሙቀቱን የሚቆጣጠርበትን አቅምም ያዳክማል። አየር ላይ ሆኖ ቢደክም ደግሞ የሚያየው ሐኪም የለም። የአየር መንገዶች ማኅበር፣ አያታ፣ እንስሳ ደንዝዞ እንዲጓዝ አይመክርም። ብዙ አየር መንገዶችም የደነዘዘ እንስሳ አይቀበሉም። ጭንቀቱን የሚቀንሰው ሳጥኑን መልመዱ ነው።

ወደ ዱባይ የሚገባ ውሻ ከተሳፋሪ ጋር ወይም እንደ ሻንጣ አይደለም የሚገባው፤ በካርጎ ነው። ይህ ለእናንተ ይጠቅማል። እናንተ ቀድማችሁ ብትሄዱም እሱ ብቻውን መላክ ይችላል ማለት ነው። ሳጥኑን ዛሬ ግዢው ወይም አሠሪው። ውስጡ ሳይጎብጥ መቆም፣ መዞርና ተዘርግቶ መተኛት መቻል አለበት። በየጎኑ የአየር ቀዳዳ ይኑረው። የውሃ ሳህኑ በሩ ላይ ታስሮ ከውጭ የሚሞላ ይሁን። ሳጥኑን ግቢ ውስጥ በሩን ከፍተሽ አስቀምጪው። ምግቡን እዚያ ይብላ፤ እዚያው ይተኛ። እስከ ኅዳር ብዙ ወር አለው፤ ቤቱ ይሆናል። በጉዞው ቀን ከበረራው አራት ወይም አምስት ሰዓት በፊት ቀለል ያለ ምግብ ይብላ። ውሃ እስከ መጨረሻው ይጠጣ። ሳህኑ ውስጥ ውሃ በበረዶ መልክ አቀዝቅዞ ማስገባት ጥሩ ዘዴ ነው፤ አይደፋም፤ ቀስ እያለ ይቀልጥለታል።

አየር ላይ ያለው ጊዜ ያን ያህል አያሳስበኝም። ከአዲስ አበባ ዱባይ አራት ሰዓት ገደማ ነው። እንስሳ የሚጫንበት ክፍል አየሩም ሙቀቱም የተስተካከለ ነው። የሚያሰጋው መሬት ላይ የሚቆይበት ጊዜ ነው። አስፋልት ላይ ፀሐይ እየመታው የሚጠብቅበት ሰዓት። በሌሊት ወይም በማለዳ የሚደርስ በረራ ምረጪ። ተቀባዩ ትራንዚተር ቀድሞ መገኘቱን ባለቤትሽ ያረጋግጥ።

የመግቢያ ፈቃዱን የሚሰጠው የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ የአየር ንብረት ለውጥና አካባቢ ሚኒስቴር ነው። ባለቤትሽ እዚያው ሆኖ ያመልክት። ፈቃዱ የሚያገለግለው ለአጭር ጊዜ ስለሆነ በጣም ቀድሞ አይውጣ። እንደ ፒትቡል፣ ቶሳና ማስቲፍ ያሉ ዝርያዎች አይገቡም። አንበሴ ያገር ውሻ ነው፤ ችግር የለበትም። ከእብድ ውሻው ሌላ የዲስቴምፐር፣ የፓርቮ፣ የሄፓታይተስና የሌፕቶስፓይራ ክትባት ይወስዳል። ከጉዞው በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ የውስጥና የውጭ ጥገኛ ተውሳክ መድኃኒት ይሰጠዋል። በመጨረሻ ከኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን የጤና ሰርተፍኬት ይወጣለታል።

ምግቡንም ከአሁኑ አስተካክይ። የእኛ ውሾች የወጥ ፍርፋሪ ነው የሚበሉት። ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳል። ደሙ ያነሰ ውሻ ደግሞ ሙቀትንም ጉዞንም አይችልም። ሥጋና ሩዝ ያለ ሽንኩርት ቀቅለሽ ስጪው። ወይም ዱባይ የሚያገኘውን ደረቅ ምግብ በሳምንት ውስጥ እየደባለቅሽ አስለምጂው።

ከሁሉም በላይ አስቢበት የምልሽ ግን የኑሮው ለውጥ ነው። አንበሴ ግቢ ጠባቂ ነው። እንደ ልቡ ይሮጣል፤ ሌሊት ይጮኻል፤ ገመድ አያውቅም። ዱባይ አፓርታማ ውስጥ ነው የሚኖረው። በኤምሬትስ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው 22 ቁጥር ሕግ መሠረት ውሻ ይመዘገባል፣ ይከተባል፣ ከቤት ሲወጣ ይታሰራል። አከራዩ ውሻ ይፈቅድ እንደሆነ ባለቤትሽ ዛሬውኑ ይጠይቅ፤ በጽሑፍም ይያዝ። ይህ ካልተፈቀደ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። ገመድ ከአሁኑ ይልመድ። ውሻው አሥር ዓመት ያለፈው፣ ልብ የሚያመው ወይም አፍንጫው የተደፈጠጠ ቢሆን ኖሮ እዚሁ ይቅር እልሽ ነበር። አራት ዓመቱ ነው፤ ጤነኛም ከሆነ ይለምዳል።

እዚያ ከገባ በኋላ ቀኑን ሙሉ ኤሲ ውስጥ ውሎ ቀትር ላይ አታውጡት። ንጋትና ማታ ይውጣ። ከመውጣቱ በፊት የእጅሽን ጀርባ አስፋልቱ ላይ ሰባት ሴኮንድ አስቀምጪ። አንቺን ካቃጠለሽ መዳፉንም ያቃጥለዋል። የእሱ እግር የሚያውቀው ሜዳና ጭቃ ነው። መኪና ውስጥ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን ብቻውን አትተዉት። ውጭው 24 ዲግሪ በሆነበት ቀን እንኳ የተዘጋ መኪና ውስጥ በአሥር ደቂቃ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል።

ማለክለኩ ከልክ ካለፈ፣ ምራቁ ከተዝረከረከ፣ ድዱ ደም ከመሰለ፣ ከተንገዳገደ ወይም ካስታወከ ሙቀት መቶታል። መጀመሪያ አቀዝቅዢው፤ ከዚያ ውሰጂው። ጥላ ውስጥ አድርገሽ ያገኘሽውን ቀዝቃዛ ውሃ መላ አካሉ ላይ አፍስሺ፤ አራግቢለት። እርጥብ ፎጣ አልብሰሽ አትተዪው፤ ፎጣው ይሞቅና ሙቀቱን ያፍነዋል። ራሱን ካወቀ ጥቂት ጥቂት ይጠጣ። እየቀዘቀዘ ወደ ክሊኒክ ይሂድ። የተሻለው ቢመስልም ሐኪም ይየው፤ የውስጥ ጉዳቱ ከሰዓታት በኋላም ሊወጣ ይችላል። የቅርቡን ክሊኒክ ስልክ ከመድረሱ በፊት ያዙ።

በኅዳር አንበሴን ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን ሰው አሁኑኑ ምረጪ። የጤና ሰርተፍኬቱን የሚያስጨርሰውም፣ ካርጎ የሚያስረክበውም እሱ ነው። ሕጋዊ ውክልናውን፣ የፓስፖርትሽን ቅጂና የአንበሴን ካርድ ዋናውን ለእሱ ትተሽ ሂጂ። ከሄድሽ በኋላ ውክልና በቆንስላ በኩል መላክ ይቻላል፤ ግን ጊዜ ይበላል። ከመሄድሽ በፊት ጨርሺው።